እርሳሱን ላላ አድርገው ይያዙ፦ በጄኔቫና በዙሪክ እየሠሩ ለሚማሩ

በዙሪክም በጄኔቫም ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ወደ ቋንቋ ትምህርት የሚሄዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፍ፣ የወጥ ቤት ድስት ሲያጥብ፣ በአረጋውያን መጦሪያ አቅመ ደካሞችን ሲያነሣና ሲያስተኛ የዋለ እጅ ማታ ደግሞ እርሳስ ይጨብጣል። ግማሽ ገጽ ሳይሞላ የአውራ ጣት ሥር መቆርጠም፣ ክንድ መክበድ፣ ፊደሉም መወላገድ ይጀምራል። ብዙዎች ይህን የሚያሳብቡት በጀርመንኛው ወይም በፈረንሳይኛው ነው፤ ሌሎች ደግሞ በዕድሜያቸው። «እጄ ደርቋል፣ ይሄ የልጅ ሥራ ነው» ይላሉ። እጃቸው ግን አልደረቀም። ችግሩ ያለው ጣቶቻቸው እርሳሱ ላይ በሚያሳርፉት ጉልበት ነው፤ እሱ ደግሞ አዋቂ ከሆኑ በኋላም ይታረማል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የስዊዘርላንድ ዜግነት ለመጠየቅ በንግግር ቢ1፣ በጽሑፍ ኤ2 ደረጃ ያስፈልጋል። ሙያ በተግባር የሚማሩ ሰዎችም የንድፈ ሐሳብ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በንግግር ማንም የማይረታቸው ጎበዞች ወረቀት ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል። የሚያውቁትን ሳይጽፉ መውጣት ያንገበግባል።

እንግሊዛዊው የእጅ ተመራማሪ ጆን ኔፒየር በ1956 የሰውን እጅ አያያዝ በሁለት ከፍሎ ነበር፤ አንዱ የጉልበት፣ ሌላው የጥንቃቄ። መጥረጊያ፣ መዶሻ፣ የተጫነ ጋሪ የሚያዙት በመጀመሪያው ነው፤ ዕቃው መዳፍ ውስጥ ገብቶ ጣቶች ሁሉ ይጠመጠሙበታል። መርፌ፣ ቁልፍና እርሳስ በሁለተኛው ይያዛሉ፤ የጣት ጫፍና አውራ ጣት ብቻ ይበቃሉ። ቀኑን በጉልበት ሥራ ያሳለፈ እጅ ማታ ወደ ሁለተኛው አያያዝ ሲሻገር የቀኑን ጉልበት ይዞ ይሻገራል። መጥረጊያውን በያዘበት ኃይል አሥር ግራም የማትሞላ እርሳስ ይይዛል። ድካሙ ከዚህ ይመጣል።

ስለ እርሳስ አያያዝ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ጣት የት ይቀመጥ ከሚለው ይጀምራል። የታወቀው አያያዝ ይህ ነው፦ እርሳሱ የመሃል ጣት ጎን ላይ ያርፋል፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከላይ ይደግፉታል፣ የቀሩት ሁለቱ ጣቶች ለስለስ ብለው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ጥሩ አያያዝ ነው፤ ያለዎት ከሆነ አይንኩት። የእርስዎ ከዚህ ቢለይ ግን አይደንግጡ። በካናዳ ቶሮንቶ 120 የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሠራና በ2012 የታተመ ጥናት አራት ዓይነት አያያዞችን አነጻጽሮ፣ በፍጥነትም ሆነ በጽሑፍ ግልጽነት መካከላቸው ልዩነት አላገኘም። ይህ ጥናት ለልጆች ቢሆንም ለእኛም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ሠላሳ ዓመት የኖረ የጣት አቀማመጥን ለመገልበጥ ከመድከም በፊት ጣቶቹ ምን ያህል እንደሚጨቁኑ ማየት ይቀድማል። ቦታውን መቀየር የግድ የሚሆነው እርሳሱን ሙሉ በሙሉ በጡጫ ለሚጨብጥ፣ ወይም አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ጣቶቹ አልንቀሳቀስ ላሉት፣ ወይም ለሚያመው ሰው ነው።

አሁን አንድ ወረቀት ያምጡና እንደ ወትሮዎ አምስት መስመር ይጻፉ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን በጣትዎ ይዳስሱ። የጻፉት ሁሉ በጀርባው ጎልቶ የሚዳሰስ ከሆነ ይጫናሉ። ደግመው ሲጽፉ የሌባ ጣትዎን ጥፍር ይመልከቱ፤ ደም ሸሽቶት ነጥቷል? የጣቱ የመጨረሻ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል? ጣትዎ የእርሳሱ ጫፍ ላይ ተለጥፏል ወይስ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ርቆ ይዟል? ሌላው እጅዎስ ምን እያደረገ ነው? ብዙ ሰው በግራ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጽፈው። ትከሻ ወደ ጆሮ ከተሰቀለ ጣት ሊላላ አይችልም።

የሚፈለገው አያያዝ ምን ያህል ነው ቢሉኝ፣ ትኩስ ቡና የሞላበትን ሲኒ ከከንፈሩ በጣት ጫፍ እንደምንይዘው ነው። አይወድቅም፣ ግን አይጨበጥም። እጅዎ ይህን ልክ ከልጅነት ጀምሮ ያውቀዋል።

ልምምዱን በዚህ ይጀምሩ። እርሳሱን ጫፉ ወደ እርስዎ ዞሮ ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙ። በአውራና በሌባ ጣት ከጫፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው ቆንጥረው ያንሡት፤ በሌላ እጅዎ ጀርባውን ገፋ አድርገው በአውራና በሌባ ጣት መካከል ያለው ጉድጓድ ላይ ያሳርፉት። የመሃል ጣት ከሥር ይግባ። አሁን እርሳሱ በራሱ ክብደት ተኝቷል፤ ጣት የሚያደርገው ሥራ አቅጣጫ ማሳየት ብቻ ነው። የትንሿ ጣት ጎን ወረቀቱ ላይ ይረፍ፤ የእጅ አንጓም ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ትንሽ ወደ ኋላ ቀና ይበል።

ቀጥለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ይጻፉ። መጀመሪያ በጣም አድምቀው፣ ሁለተኛ በመካከለኛ፣ ሦስተኛ ብዙም በማይነበብ ድብዛዜ። ሦስተኛው ሲጻፍ ክንድዎ ምን እንደተሰማው ያስተውሉ። ከዚያ መካከለኛውን ይምረጡና አንድ አንቀጽ በዚያው ይግፉበት። ጉልበቱን የሚቆጣጠር መምህር ከፈለጉ 0.5 ሚሊ ሜትር ሊድ የሚገባበት የመግፊያ እርሳስ ይግዙ፤ ሲጫኑ ሊዱ ቀጭ ይላል፣ ስለዚህ ያለ ተቆጪ ያስተምርዎታል። በቀን አሥር ደቂቃ ለጥቂት ሳምንታት ይበቃል። ልምምዱን ግን ፈተና ሲቃረብ አይጀምሩ፤ አዲስ አያያዝ መጀመሪያ ላይ ፍጥነት ይቀንሳል።

መሣሪያውም ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው። በዚህ ረገድ እነዚህን ከተሞች የሚያህል የለም። በእንጨት ውስጥ የገባ እርሳስ በሥዕል ታትሞ የታየው ለመጀመሪያ ጊዜ በዙሪክ ነው፤ የከተማዋ ሐኪምና የተፈጥሮ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር በ1565 ስለ ማዕድናት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ። ጌስነር በዚያው ዓመት በወረርሽኝ ሞተ። ጄኔቫ ደግሞ በ1915 የተመሠረተውና ከ1924 ጀምሮ ካራን ዳሽ የተባለው የእርሳስ ፋብሪካ ከተማ ናት። በ1929 ይኸው ፋብሪካ ፊክስፔንሲል የሚባለውን፣ ሊዱ ተቆንጥጦ የሚያዝበትን መቅረጫ የማይፈልግ እርሳስ አወጣ። ከጌስነር ሥዕል ጋር ሲያስተያዩት ሐሳቡ አንድ ነው፤ መያዣ አለ፣ ውስጡ የሚጽፍ ድንጋይ ይገባል። በ1969 የመጣውና በስዊዘርላንድ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ባለ ስድስት ጎን እስክሪብቶም የዚሁ ቤት ሥራ ነው። ስድስት ጎን መሆኑ ከጠረጴዛ እንዳይንከባለል ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ሦስት ጣት ሲይዘው አንድ ጎን እየዘለለ ሦስቱ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ እንዳይዞር ብሎ መጨበጥ አያስፈልግም።

ውድ ዕቃ ይግዙ ማለቴ አይደለም። ከምልክቱ ላይ 2ቢ የሚለውን ይፈልጉ። በእርሳስ ውስጥ ያለው ግራፋይትና ሸክላ ነው፤ ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል። 2ቢ ከኤችቢ ይለሰልሳል፣ ሳይጫኑት ጥቁር ይጽፋል። ተራ እስክሪብቶ ከሁሉም ይከፋል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ እንድትዞር ቀና አድርጎ መያዝና መጫን ይጠይቃል። እርሳስ ለማይፈቀድበት ፈተናና ለመሥሪያ ቤት ቅጽ ጄል እስክሪብቶ ወይም ባለ ኒብ ብዕር ይያዙ፤ ቀለሙ ራሱ ይፈስሳል። ቀጭን እርሳስ የሚያስጨብጥዎት ከሆነ በላዩ የሚጠለቅ የጎማ መያዣ አለ፤ በሚግሮም በኮፕም የጽሕፈት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይፈልጉ።

አቀማመጥን በአጭሩ ልለፈው። እግር መሬት ይንካ፣ ክንድ እስከ ክርን አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ቀኝ እጅ ለሚጽፍ የወረቀቱ ራስ ወደ ግራ ያዘንብል። ግራ እጅ ለሚጽፍ ተቃራኒው ነው፤ እጁም ከመስመሩ በታች ይሁን፣ አለበለዚያ የጻፈውን ያብሰዋል። በልጅነቱ ግራ እጁን ተመትቶ ወደ ቀኝ የተዛወረ ሰው በመካከላችን አለ። ዛሬ ማንም አይቆጣዎትም፤ ከፈለጉ በግራዎ ይሞክሩ።

ብዙዎቻችንን የሚያደክመን ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ፊደልን ከፊደል መቀጠል ነው። የእኛ ፊደል ተነጥሎ ይጻፋል። «ለ»ን ጽፎ እጅ ይነሣል፣ «መ»ን ጽፎ እጅ ይነሣል። ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ አይጓዝም። በእያንዳንዱ ፊደል መካከል ያለችው ያቺ ቅጽበት ለጣት ዕረፍት ናት። በላቲን ፊደል የተቀጣጠለ ጽሕፈት ስንጀምር ግን አንድ የጀርመንኛ ቃል፣ ያውም ረጅም፣ እጅ ሳይነሣ ሊዘለቅ ይሞከራል። ያልለመደ እጅ እዚያ ላይ ነው የሚጨብጠው።

ዙሪክ ያሉ አንባቢዎች ይህን ይስሙ። በጀርመንኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ ከ1947 ጀምሮ ይማሩት የነበረው የተቀጣጠለ ጽሕፈት፣ ሰው በተለምዶ ሽኑርሊሽሪፍት የሚለው፣ ዛሬ በትምህርት ቤት ቦታውን ለቋል። የተተካው ባዚስሽሪፍት በተባለው ነው። መነሻውን የነደፈው ሐንስ ኤድዋርድ ማየር በዙሪክ የጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ጽሕፈት ያስተማረና ሲንታክስ የተሰኘውን የኅትመት ፊደል የሠራ ሰው ነበር። የጀርመንኛ ተናጋሪ ካንቶኖች የትምህርት ኃላፊዎች ጉባኤ በ2014 አዲሱን ጽሕፈት እንዲያስተምሩ ለካንቶኖቹ ምክረ ሐሳብ አቀረበ፤ ማየርም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በባዚስሽሪፍት ፊደሎቹ መጀመሪያ ተነጥለው ይማራሉ፤ ከዚያ እጁ ቀላል ሆኖ ያገኘውን ብቻ ያያይዛል፣ ሌላውን ይተዋል። እጅ ማንሣት ስንፍና ወይም ስሕተት አይባልም።

ስለዚህ አዋቂ ሆነው ጀርመንኛ የሚማሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ቀጥዬ ካልጻፍኩ የልጅ ጽሑፍ ይመስላል» ብለው እጅዎን አያስጨንቁ። ነጥለው ይጻፉ። በሐበሻ እጅ የለመዱት ማንሣትና ማስቀመጥ እዚህ አገር ልጆች ከሚማሩት ጋር ይገጥማል። ልጆችዎም ተነጥሎ የተጻፈ ደብተር ይዘው ሲመጡ እኛ በተማርነው መንገድ «ቀጥል» አይበሏቸው። ጄኔቫ ላይ ነገሩ ይለያል፤ በፈረንሳይኛው በኩል ልጆች አሁንም የተቀጣጠለውን ይማራሉ። እዚያ ያለ አዋቂ ተማሪ ግን ፈተናው ላይ ፊደሉን ነጥለህ ጻፍክ ተብሎ ነጥብ አይቀነስበትም፤ የማይነበብ ከሆነ ግን ይጎዳል።

ስለ ዕረፍት ካነሣን የእኛን ቁም ጸሐፊዎች ማስታወስ ተገቢ ነው። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በወስፌ በተሰመረ መስመር፣ በመቃ ብዕር ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም የሚጽፉ ሰዎች ለወራት በዚያ ሥራ ይቆያሉ። ጠረጴዛ የለም፣ የተመቸ ወንበርም የለም። ግን መቃው ቀለም ይጠማል። በየጥቂት ቃላቱ እጅ ከብራናው ተነሥቶ ወደ ቀለም ቀንዱ ይሄዳል፣ ይነክራል፣ ይመለሳል፤ ጣቱም እግረ መንገዱን ይፈታል። እስክሪብቶ ግን ቁም ብሎ አያውቅም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1713 ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ ለጸሐፊዎች ሕመም ሦስት ምክንያት ሰጥቶ ነበር፦ ሁልጊዜ መቀመጥ፣ እጅን በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱ የሚያደርጉት የአእምሮ ጭንቀት። ሦስቱም በማታ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ መቃው ይሰጥ የነበረውን ዕረፍት እርስዎ ይስጡት፤ በየአራት አምስት መስመሩ እርሳሱን አስቀምጠው መዳፍዎን ይክፈቱ፣ ጣቶችዎን ያርግፉ፣ ትከሻዎን ያውርዱ። ሦስት ትንፋሽ የማይሞላ ጊዜ ነው።

ሌላው ማሳረፊያ ጥቂት መጻፍ ነው። በዚህ ጄኔቫን የሚስተካከላት የለም። በ1941 አንትዋን ቬልማን የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤት የከፈተው በዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1956 ደግሞ አስተርጓሚው ዣን ፍራንሷ ሮዛን ተናጋሪ ሲጨርስ ለሚተረጉሙ ሰዎች የማስታወሻ አያያዝ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ያሉት ሰባት መመሪያዎችና ሃያ ምልክቶች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው መመሪያ ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ይዘህ ጻፍ ይላል። ሌላው ደግሞ ከጎን ወደ ጎን ከመሄድ ይልቅ ከላይ ወደ ታች ደረጃ እየሠሩ መጻፍ ነው።

በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት ወይም በጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ላይ በአማርኛ የምታስተረጉሙ ሁሉ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። ሰውየው በፍጥነት ሲናገር እጅ ይደነግጣል፤ የደነገጠ እጅ ይጨብጣል። ከላይ የሚገለበጥ ጠባብ ማስታወሻ ይያዙ፣ በአንድ ፊት ብቻ ይጻፉ፣ ቀንን፣ ቁጥርንና ስምን ብቻ በሙሉ ያስፍሩ። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፤ አንዱ ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው ይይዛል። ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ጠ/ሚ ብሎ ማሳጠር ከድሮም ልማዳችን ነው። በፈረንሳይኛ የሰማችሁትን በሁለት የአማርኛ ፊደል ብትይዙት የሚከለክል የለም። የቋንቋ ተማሪም እንዲሁ፤ ሰሌዳ ላይ ያለውን ሁሉ መገልበጥ ይተው። አስተማሪው የሚፈልገው ደብተር እንዲሞላ ሳይሆን ቋንቋው እንዲገባዎት ነው።

ሕመም ካለ ነገሩ ይለያል። ሌሊት አውራ፣ ሌባና የመሃል ጣትዎ እየደነዘዘ ከቀሰቀሰዎት በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጽዳትና ከባድ በማንሣት ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ የሚያጋጥም ነው፣ በእርሳስ ልምምድም አይድንም። ሌላ ነገር ሲያደርግ ደህና የነበረ እጅ ለመጻፍ ሲሞክር ብቻ የሚጣመም ከሆነ ደግሞ የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ለልጆች ያለው ዕድል ሰፊ ነው። በዙሪክ ካንቶን ትምህርት ቤቶች መጻፍ ለከበደው ልጅ ሳይኮሞቶሪክ የሚባል የእንቅስቃሴ ሕክምና ይሰጣል፤ የክፍሉን መምህር ይጠይቁ። በጄኔቫም ይህ ሥራ የቆየ ሥር አለው፤ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ያስተምር የነበረው ጁሊያን ደ አጁሪያጌራ ከባልደረቦቹ ጋር በ1964 ስለ ልጆች እጅ ጽሕፈትና ስለ ችግሩ ሰፊ መጽሐፍ አውጥቷል። እዚያ ልጁን ይዘው ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሂዱ።

አዋቂ ከሆኑ መንገዱ በቤተሰብ ሐኪምዎ በኩል ነው። ሐኪሙ ኤርጎቴራፒ የሚባለውን የእጅና የዕለት ተግባር ሕክምና ሊያዝልዎ ይችላል። በአንድ ማዘዣ እስከ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ድረስ ዋናው የጤና መድን ይሸፍነዋል፤ በቅድሚያ ግን የመረጡት ፍራንሺዝ፣ ማለትም በዓመት ከኪስዎ የሚከፍሉት የመጀመሪያው መጠን፣ መሞላት አለበት፣ ከዚያም በኋላ አሥር በመቶው የእርስዎ ድርሻ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ «እጄን ያመኛል» ብቻ አይበሉ። ምን ሥራ እንደሚሠሩ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጽፉ፣ ሕመሙ ከጀመሩ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚመጣ ይንገሩ፤ የሚጽፉበትን እርሳስና ደብተርም ይዘው ይሂዱ። ልምምዱን ለጥቂት ሳምንታት ሞክረው ሕመሙ ካልቀነሰ አይቆዩ፤ ይደውሉና ቀጠሮ ይያዙ።